ማላካ ደርሶ መልስ፦ ከአስጎብኚ ጋር ለምትሄዱ

ኳላ ላምፑር ለሥራ፣ ለትምህርት ወይም ለሕክምና የሚመላለስ ሀበሻ ጥቂት አይደለም። ትርፍ ቀን ሲያገኝ አብዛኛው ሰው መንትዮቹን ሕንፃዎች ያያል፣ የገበያ ማዕከል ይዞራል፣ በቃ። አንድ ሙሉ ቀን ካላችሁ ግን እኔ አሮጌዋ የወደብ ከተማ ማላካ ሂዱ እላለሁ። ከኳላ ላምፑር ወደ ደቡብ 145 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ሰፊና ፈጣን ስለሆነ ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ጠዋት ወጥቶ ማታ መመለስ ይቻላል።

በራሳችሁ መሄድ ቀላልም ርካሽም ነው። ቲቢኤስ ከሚባለው የደቡብ አውቶቡስ ተርሚናል ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ አለ። ማላካ ሴንትራል ያወርዳችኋል። ከዚያ በስልክ ግራብ የሚባለውን ታክሲ ጠርታችሁ አሮጌው ከተማ ትገባላችሁ። ታዲያ ለአስጎብኚ ምን አስከፈለኝ? ማላካ ነጋሪ ያስፈልጋታል። 300 ዓመት ገደማ የቆመው የፖርቱጋል ምሽግ ዛሬ የቀረለት አንድ በር ነው። ኮረብታው ላይ ያለው ቤተ ክርስቲያን ጣራ የለውም። ወደቡ ራሱ ወደብ አይመስልም። ነጋሪ የሌለው ሰው ቀይ ቤቶች ፊት ፎቶ ተነስቶ፣ በሙቀቱ ተቃጥሎ፣ «ይቺ ናት እንዴ?» ብሎ ይመለሳል። እንደዚያ ብለው የተመለሱ ጓደኞች አሉኝ።

ከመክፈላችሁ በፊት ግን የጉዞውን ሻጭ አፋጡት። ዋናው ጥያቄ «ስንት ቦታ ታሳዩናላችሁ?» አይደለም። «አሮጌው ከተማ ውስጥ በእግር ስንት ሰዓት እንቆያለን?» ብላችሁ ጠይቁ። ከአራት ሰዓት ያነሰ ከሆነ ሌላ ፈልጉ። ብዙዎቹ ጉዞዎች ጠዋት ከየሆቴሉ ሰው ሲሰበስቡ አንድ ሰዓት ያጠፋሉ። ከዚያ መንገድ ላይ ሱቅ ያስገቧችኋል። እኛም አንድ ቸኮሌት መሸጫ ጋ ተራግፈን ሃያ ደቂቃ ተባልን፣ አርባ ሆነ። ማንም ቸኮሌት አልጠየቀም ነበር። የመንገድ ላይ ሱቅ የሌለበት ጉዞ አለ፤ ትንሽ ይወደዳል እንጂ ያዋጣል። የቡድኑንም ብዛት ጠይቁ። አርባ ሰው ሆናችሁ ከሄዳችሁ አስጎብኚውን የምታዩት ባንዲራውን ከፍ ሲያደርግ ብቻ ነው። ደግሞ ማሌዢያ ውስጥ አስጎብኚነት ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ፈቃድ ያለው ሰው መታወቂያውን አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። ሹፌሩ ራሱ «አስጎብኚ ነኝ» ካለ መታወቂያውን እዩ።

የኛ አስጎብኚ እዚያው ማላካ ተወልደው ያደጉ፣ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። ዕድላችን ነው። የማላካ ልጅ የሆነ አስጎብኚና ከኳላ ላምፑር አብሮ የመጣ አስጎብኚ አንድ አይደሉም። የማላካው ሰው የትኛው ሱቅ የማን አያት ቤት እንደነበር ሳይቀር ይነግራችኋል።

ከኮረብታው ጀምሩ። ፕሮግራሙ ላይ በስተመጨረሻ ከሆነ ለምናችሁም ቢሆን አስቀይሩት። ማላካ ከምድር ወገብ ብዙ አትርቅም፣ ባሕሩም አጠገቧ ነው። ለደጋ ሰው ከቀትር በኋላ ደረጃ መውጣት ቅጣት ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ግን ነፋስ አለ፣ ሰውም አልበዛም።

ከኮረብታው ግርጌ ያ የቀረው በር ቆሟል። ፖርታ ደ ሳንቲያጎ ይሉታል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) የፖርቱጋሉ አዛዥ አፎንሶ ደ አልቡከርኬ የማላካን ሱልጣኔት ወግቶ ከተማዋን የያዘው በ1511 ነው። ወዲያው ምሽግ አሠራ። ድንጋዩን ከመስጊድና ከነገሥታቱ መቃብር ሳይቀር አስነቅሎ ነው ያመጣው። በ1641 ሆላንዶች ከጆሆር ሱልጣን ጋር ተባብረው ቀሟቸው። በሩ ላይ ስትጠጉ 1670 የሚል ቁጥርና የሆላንድ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ አርማ ታያላችሁ። በሩ የፖርቱጋል፣ ማኅተሙ የሆላንድ ነው። ኋላ እንግሊዞች መጡ። በ1795 የፈረንሳይ ጦር ሆላንድን ሲይዝ ማላካን ከሆላንዶች የተረከቡት በአደራ መልክ ነበር። «አንድ ቀን መመለሳችን ካልቀረ ጠንካራ ምሽግ አናስረክብም» ብለው በ1807 በባሩድ ያፈርሱት ጀመር። ይችን በር ያተረፋት ቶማስ ራፍልስ ነው ይባላል። በ1819 ሲንጋፖር ላይ የእንግሊዝን ወደብ ያቋቋመው ያው ራፍልስ ማለት ነው። ነገሩ ይገርማል፤ ማላካን በንግድ ገድሎ የቀበራት ሲንጋፖር ናት።

ከበሩ ቀጥሎ ደረጃውን ውጡ። በቀስታ፣ ውኃ እየጠጣችሁ። ላይ ስትደርሱ ፖርቱጋሎች በ1521 የሠሩት የጸሎት ቤት ግድግዳ አለ። ዛሬ የቅዱስ ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን ይባላል። ውስጡ በሽቦ የተከለለ ባዶ ጉድጓድ ታያላችሁ፤ ሰው ሳንቲም ይወረውርበታል። የኢየሱሳውያኑ ሚሲዮናዊ ፍራንሲስ ዛቪየር በ1552 ቻይና አጠገብ ሲሞት አስከሬኑ ሕንድ ውስጥ ወዳለችው ጎአ ከመወሰዱ በፊት እዚህ ተቀብሮ ቆይቷል። ደጅ የቆመው ሐውልቱ ቀኝ እጅ የለውም። በ1952 በተተከለ ማግሥት ዛፍ ወድቆበት ነው የተቆረጠው። የሚገርመው፣ የእውነተኛው አስከሬን ቀኝ ክንድም ቀደም ብሎ ተቆርጦ ሮም ተወስዷል። አስጎብኚያችን ይህን ሲነግሩን ጥቂት ዝም አሉና «እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፣ አስተያየት የለኝም» አሉ። ሁላችንም ሳቅን።

ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙት ትልልቅ ድንጋዮች በአብዛኛው የሆላንዶች የመቃብር ድንጋዮች ናቸው። ጊዜ ስጧቸው። መርከብ፣ የራስ ቅል፣ የቤተሰብ አርማ ተቀርጾባቸዋል። ከወጣትነት ሳያልፉ በበሽታ ያለቁ ሰዎች ብዙ ናቸው።

እዚህ ኮረብታ ላይ ነው ጉዞው የኔ የሆነው። አስጎብኚያችን የፖርቱጋል አዛዦችን ሲጠሩ «እስቴቫዎ ዳ ጋማ» አሉ። የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ነው። ወንድሙ ፓውሎ የማላካ አዛዥ ሆኖ እዚሁ አካባቢ ባሕር ላይ ሲዋጋ ሞተ። እስቴቫዎ በእሱ እግር ተተክቶ ከ1534 እስከ 1539 ገደማ ማላካን አዘዘ። የሳቸው ታሪክ እዚህ ያበቃል። የኛ ደግሞ ከዚህ ይጀምራል። ይኸው እስቴቫዎ የሕንድ አገረ ገዥ ሆኖ በ1541 መርከቦቹን ይዞ ቀይ ባሕር ገባ። ምጽዋ ላይ ታናሽ ወንድሙን ክሪስቶቮን ከ400 ወታደሮች ጋር አራገፈ። በትምህርት ቤት «ክሪስቶፎር ዳ ጋማ» እያልን የተማርነው ማለት ነው። በ1542 ወፍላ ላይ ተሸንፎ ተማረከ። ኢማም አሕመድ፣ ግራኝ የምንላቸው፣ አስገደሉት። በዓመቱ ኢማሙ ራሳቸው ወይና ደጋ ላይ ወደቁ።

ይህን ለአስጎብኚያችን ነገርኳቸው። ማስታወሻ ደብተራቸውን አውጥተው ጻፉት። እንግዲህ አንድ ወንድም ማላካ ባሕር ላይ፣ ሌላው የኛ ተራራ ላይ ቀሩ ማለት ነው። በዚያ ዘመን ሊዝበን፣ ጎአ፣ ማላካና ምጽዋ በአንድ የመርከብ መስመር ላይ ያሉ ቦታዎች ነበሩ። እኛ ግን የየራሳችንን ቁራጭ ይዘን ነው የተማርነው።

ሌላም አለ። ከ1512 እስከ 1515 ማላካ የኖረ ቶሜ ፒሬስ የሚባል ፖርቱጋላዊ መድኃኒት ቀማሚ ነበር። ወደዚህ ለንግድ የሚመጣውን ሕዝብ ሲዘረዝር ከካይሮ፣ ከመካና ከኤደን ሰዎች ጋር ሐበሾችን ቆጥሯል። ስለዚህ እዚያ ስትሄዱ የመጀመሪያው ሀበሻ አይደላችሁም። ቢያንስ 500 ዓመት ተቀድማችኋል።

ሰው ሁሉ ለምን እዚህ መጣ? ከኮረብታው ጫፍ ሆናችሁ ወደ ባሕሩ እያያችሁ ይህን ጠይቁ፤ መልሱ ነፋስ ነው። የሕንድና የዐረብ መርከቦች በአንደኛው ወቅት ነፋስ እየተነዱ ይመጣሉ። የቻይናዎቹ በሌላኛው ወቅት። ማላካ ሁለቱ ነፋሶች የሚገናኙበት ጠባብ ባሕር ላይ ናት። የመጣው ነጋዴ ነፋሱ እስኪዞር ወራት ይጠብቃል። ሲጠብቅ ቤት ይከራያል፣ መጋዘን ይሠራል፣ ያገባል፣ ይወልዳል። የከተማዋ ቅይጥነት የመጣው ከዚህ ነው። መሥራቿ ፓራሜስዋራ የሚባል ከሱማትራ የተሰደደ መስፍን ነው፤ ጊዜው 1400 ገደማ። አፈ ታሪኩ እንዲህ ይላል፦ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንዲት ትንሽ ሚዳቋ መሰል እንስሳ አዳኝ ውሻውን ረግጣ ወንዝ ውስጥ ጨመረችው። «ደካማው የሚደፍርበት አገር ጥሩ አገር ነው» ብሎ ከተማውን በዛፉ ስም ጠራው። ዛፉ መላካ ነበር።

ታች የምታዩት የገበያ ማዕከልና ሜዳ ቀድሞ ባሕር ነበር። በአፈር ተሞልቶ ነው የብስ የሆነው። በሩ ባሕር ዳር እንደነበር አስጎብኚ ካልነገራችሁ በፍጹም አይገባችሁም።

በሌላኛው ጎን ስትወርዱ ቀዩ አደባባይ ነው። ትልቁ ቀይ ሕንፃ ስታድትሃውስ፣ በ1650 ገደማ የተሠራ የሆላንድ ገዥዎች ቤት ነው፤ አሁን ሙዚየም ሆኗል። አጠገቡ ያለው ክራይስት ቸርች በ1741፣ ሆላንዶች ከተማዋን በያዙ በመቶኛ ዓመቱ ተጀምሮ በ1753 አለቀ። ቀይ ቀለሙ የሆላንዶች አይደለም፤ ቀድሞ ነጭ ነበር። ቀይ የተቀባው በእንግሊዞች ጊዜ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ገብታችሁ ጣራውን እዩ፤ እያንዳንዱ አግዳሚ ምሰሶ ከአንድ ግንድ የተጠረበ ነው። ለአደባባዩ ሃያ ደቂቃ ይበቃል።

ሃያ ደቂቃ የሚበቃበት ሌላው ምክንያት ጩኸቱ ነው። ባለሦስት እግር ብስክሌቶቹ በአርቲፊሻል አበባና በካርቱን አሻንጉሊት ተንቆጥቁጠው፣ ሙዚቃ እስከ ጥግ ከፍተው ይጠብቃችኋል። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ተሳፈሩ፤ ልጆች ይወዱታል። ዋጋውን ግን ከመቀመጣችሁ በፊት ተነጋገሩ። በብስክሌት ነው ወይስ በሰው፣ ለስንት ደቂቃ፣ አንድ በአንድ። እኔ በእግሬ ሄድኩ፣ አልጸጸትም።

ምሳ ላይ ቡድኑ ሁሉ የሚወሰደው ዶሮና ሩዝ ወደሚሸጥበት ቤት ነው። ሩዙን እንደ ትንሽ ኳስ ጠቅልለው ነው የሚያቀርቡት። ይጣፍጣል፤ ግን ሙስሊም የሆናችሁ ቤቱ የሐላል ምልክት እንዳለው እዩ። ማሌዢያ ነው ተብሎ ሁሉም ቤት ሐላል አይደለም፤ በዚህ ሰፈር በተለይ የቻይናዎቹ ብዙ ናቸው። ጾመኞች ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። «አትክልት ብቻ ነው» የተባለው ወጥ ውስጥ በላቻን የሚሉት የተፈጨ ሽሪምፕ ብዙ ጊዜ ይገባል። ሥጋ ስለማይመስላቸው ሳትጠይቁ አይነግሯችሁም። በስሙ ጠርታችሁ «በላቻን አለው?» በሉ። ቼንዶል ግን ጠጡ፣ ወይም ብሉ፣ ሁለቱም ነው። የተፈጨ በረዶ፣ የኮኮናት ወተት፣ ከሩዝ ዱቄት የተሠራ አረንጓዴ ጥምዝምዝና ጉላ መላካ የሚባለው የዘንባባ ስኳር ነው። የላም ወተት የለበትም። በዚያ ሙቀት ላይ እሱን የመሰለ ነገር አላገኘሁም። ሁለተኛ አዝዣለሁ።

ከምሳ በኋላ ድልድዩን ተሻግራችሁ ጆንከር ጎዳና ትገባላችሁ። ጎዳናው ራሱ አብዛኛው ቱሪስት ሱቅ ነው። ፍሪጅ ላይ የሚለጠፍ ማግኔት ፈልጋችሁ ካልሆነ ቶሎ እለፉት። አስጎብኚው እዚህ «ነፃ ጊዜ» ሊሰጣችሁ ይፈልጋል። እናንተ ግን ወደ ጎን ያለውን መንገድ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ሦስት ቤተ እምነቶች በተጠጋጉበት ጎዳና ላይ ናቸው። የቻይናዎቹ ቼንግ ሁን ቴንግ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተመሠረተ ነው፤ በማሌዢያ ካሉት አገልግሎት ላይ ካሉ የቻይና ቤተ መቅደሶች ሁሉ ቀዳሚው እሱ ነው። ጣራው ላይ ከተሰባበረ ሸክላ የተሠሩ አበቦችና ዘንዶዎች አሉ። ጥቂት እርምጃ አልፎ ካምፑንግ ክሊንግ መስጊድ አለ፤ በ1748 የተመሠረተ። ጉልላት የለውም። ጣራው ሦስት ደረጃ ያለው ባለ አራት ማዕዘን ነው፣ ሚናራው የቻይና ግንብ ይመስላል፣ ዓምዶቹ የግሪክ ዓይነት ናቸው። ቀጥሎ በ1781 የተሠራው የሂንዱዎች ቤተ መቅደስ። ያ ነፋስ የሚጠብቅ ነጋዴ ሁሉ የየራሱን ትቶ ሄዷል። እኔ ብሆን ከቀኑ ግማሹን እዚህ ጎዳና ላይ አጠፋ ነበር።

ለመግባት ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት። ጫማ ይወልቃል፤ ለኛ ብርቅ አይደለም። ሴቶች ነጠላ ወይም ሻሽ ቦርሳ ውስጥ ያዙ። ማሰሪያ የሌለው ጫማ አድርጉ። በጸሎት ሰዓት መስጊዱ ለጎብኚ ዝግ ስለሚሆን አርብ ቀትር ላይ አትገጥሙትም።

ከጆንከር ጎን ባለው በቀድሞው ሂረን ጎዳና ላይ የባባ ኞንያ ሙዚየም አለ። ባባ ኞንያ የሚባሉት ቀድሞ የመጡ ቻይናዎች ከአገሩ ሰዎች ጋር ተጋብተው የወለዷቸው ናቸው። ልብሳቸው፣ ምግባቸው፣ ቋንቋቸው የተቀላቀለ ነው። ሙዚየሙ የአንድ ሀብታም ቤተሰብ መኖሪያ ነበር። ከውጭ ጠባብ ነው፤ ውስጡ ግን እየረዘመ፣ እየረዘመ ይሄዳል። ፎቅ ላይ ወለሉ ውስጥ ቀዳዳ አለ፤ ታች በሩን የሚያንኳኳው ማን እንደሆነ አጮልቆ ማያ ነው። መግቢያው የጉዞው ዋጋ ውስጥ መሆን አለመሆኑን ቀድማችሁ ጠይቁ። የኛ አልተካተተም ነበር፤ ከኪሴ ከፍዬ ገባሁ፣ ግማሹ ቡድን ደጅ ቀረ።

ሰኞ ዝግ የሚሆኑ ሙዚየሞች ስላሉ ሌላ ቀን ብትመርጡ ይሻላል። ከሰዓት በኋላ ዝናብ በድንገት ይወርዳል። ዣንጥላ ለፀሐዩም ለዝናቡም ይሆናችኋል።

በአንድ ቀን የማይሞላ ነገር አለ። ኡጆንግ ፓሲር የሚባለው የፖርቱጋሎች መንደር ከመሃሉ ትንሽ ይርቃል። የፖርቱጋል ዘር ያላቸው ዓሣ አጥማጆች ክሪስታንግ የሚሉትን ቋንቋ ይናገራሉ። ማታ ማታ ባሕሩ ዳር የዓሣ ምግብ ቤቶች ይከፈታሉ። የቀን ጉዞዎች እዚያ አይደርሱም። ከከተማው ዳር ያለው ቡኪት ቺና፣ የቻይናዎቹ ትልቅ የመቃብር ኮረብታም እንደዚሁ ይቀራል።

አርብ፣ ቅዳሜ ወይም እሑድ ከሄዳችሁ ጆንከር ላይ የማታ ገበያ አለ። ቡድኖቹ ግን ከ11 ሰዓት በፊት ነው የሚመለሱት፣ ገበያው ገና ሳይሞቅ። እኔ ለአስጎብኚው ጠዋቱኑ «ከናንተ ጋር አልመለስም» ብዬ ነግሬ ቀረሁ። ችግር የለውም፤ እንዳይፈልጓችሁ ብቻ ቀድማችሁ ተናገሩ። የመመለሻውን የአውቶቡስ ትኬት ግን በስልክ ቀድማችሁ ግዙ። እሑድ ማታ ወደ ኳላ ላምፑር የሚመለሰው ሕዝብ ብዙ ነው፣ መንገዱም ይጨናነቃል። ወደ ማላካ ሴንትራል የሚወስዳችሁን መኪና ከአውቶቡሱ ሰዓት አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ጥሩ፤ ከገበያው መሃል መኪና መያዝ ራሱ ጊዜ ይወስዳል። ወንዙን ተሻግራችሁ ከሕዝቡ ወጣ ካላችሁ ቶሎ ይገኛል።